የአደራውን ገንዘብ ለይቶ የሚያሳይ መዝገብ፦ ከግኑካሽ ጋር ሦስት ዓመት

የቢሮ ጠረጴዛና መደርደሪያ የምንሠራ ትንሽ ኩባንያ ነን። ባለድርሻዎቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን። ያኔ ሠራተኞቻችን ሰባት ነበሩ። ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ። ፊርማውም ተጠያቂነቱም እኔ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ትልቅ ደንበኛ ሙሉ ክፍያውን አስገባልን። የባንክ ሂሳባችን ሞላ። እንጨት ሊወደድ ነው ሲባል ሰምተን ስለነበር ወዲያው በብዛት ገዛን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለፈውን ወር ተጨማሪ እሴት ታክስ የማሳወቂያ ቀን ደረሰ። የሚከፈለውን ስናሰላ ባንክ ካለን ገንዘብ በለጠ። እንጨቱን የገዛነው በአዲሱ ወር ስለነበር፣ በግዢው ላይ የከፈልነው ታክስ ካለፈው ወር ሂሳብ አይቀነስም። ለካ እንጨቱን የገዛንበት ገንዘብ ውስጥ ከደንበኛው ለመንግሥት የሰበሰብነው ቫት ነበረበት። ከሠራተኞቻችን ደመወዝ የቀነስነው ግብርም አብሮ ነበር። ቅጣቱንም ወለዱንም ከፈልን።

ከቅጣቱ በላይ ያመመኝ ሌላ ነገር ነው። አደራ በላ ከሌባ ይብሳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያ ገንዘብ አደራ ነበር። አውቄ አልነካሁትም፤ ግን ለይቶ የሚያሳየኝ ነገር አልነበረኝም። ባንኩ የሚያሳየኝ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ ቁጥር ውስጥ የትኛው የኩባንያው፣ የትኛው የመንግሥት፣ የትኛው የሠራተኛው እንደሆነ ባንክ አያውቅም።

ግኑካሽን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ሦስት ዓመት ሞላኝ። እንደ እኔ የሂሳብ ባለሙያ ሳይሆኑ ኩባንያ የሚመሩ ሰዎች ይጠቅማቸዋል ብዬ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ግኑካሽ ነፃ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው። ነፃ ስል የሙከራ ጊዜ ያለው ማለቴ አይደለም። የፕሮግራሙ ኮድ ራሱ ክፍት ነው፤ ማንም አውርዶ መጠቀም ይችላል። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። የመጀመሪያው የተረጋጋ ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። እኔ የጀመርኩት በ2023 በወጣው በ5ኛው ትውልድ ነው። መዝገቡ የሚቀመጠው በራስህ ኮምፒውተር ላይ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ስለሌለው፣ ክፍያ ተቋርጦ መዝገቤን አጣለሁ የሚል ስጋት የለም። የኩባንያ መዝገብ ለዓመታት እንዲቀመጥ ሕግ ስለሚያስገድድ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ኩባንያዎች ለስድስት ዓመት እንዲያቆዩ ይጠበቅባቸዋል። ሌላ ቦታ ከዚያም ይረዝማል።

አሠራሩ በጥንዱ የሂሳብ አያያዝ ላይ የቆመ ነው። እያንዳንዱ ገንዘብ የመጣበትም የሄደበትም ይጻፋል። ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ ይህንን የነጋዴዎች ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ አሳትሞ ነበር። ዛሬም ያው ነው። መጀመሪያ ላይ ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ቃላት ያስፈሩኝ ነበር። ግኑካሽ ግን ከፈለግህ ቃላቱን ቀለል ባሉ የዓምድ ስሞች ይተካልሃል፤ ባንክ ላይ “ገቢ” እና “ወጪ”፣ ሌላው ላይ “ጨመረ” እና “ቀነሰ” እንደማለት። አንዱን ጎን ጽፈህ ሌላውን ከረሳህ ልዩነቱን “ኢምባላንስ” በሚባል ሂሳብ ውስጥ ያስቀምጥልሃል። እኔ በየቀኑ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ዜሮ ካልሆነ አንድ የረሳሁት ነገር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሂሳቦችን በዛፍ መልክ ያደራጅልሃል። አምስት ግንዶች አሉት፦ ሀብት፣ ዕዳ፣ ካፒታል፣ ገቢና ወጪ። ከነዚህ ሥር የፈለግኸውን ቅርንጫፍ ትከፍታለህ። ስሞቹን በፊደላችን መጻፍ ይቻላል። እኔ በዕዳ ሥር “አደራ” የሚል ሂሳብ ከፈትኩ። በሱ ሥር ደግሞ ሦስት ልጆች፦ ከደንበኛ የተሰበሰበ ቫት፣ ከደመወዝ የተቀነሰ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ። “አደራ” የሚለው ራሱ ላይ ምንም እንዳይጻፍበት ዘጋሁት፤ ድምሩን ብቻ እንዲያሳየኝ።

በምሳሌ ላሳይ። ቫቱ 10 በመቶ ነው እንበል። ለ100,000 ጠረጴዛ ሸጥን። ደንበኛው 110,000 ከፈለ። በድሮው ዓይኔ 110,000 ገባልን ነበር የምለው። ግኑካሽ ላይ ግን 100,000 ገቢ ውስጥ ይገባል፤ 10,000 ቀጥታ አደራ ውስጥ ይገባል። በዚያው ወር ዕቃ ስንገዛ 4,000 ቫት ከፍለን ከሆነ፣ እሱን እዚያው አደራ ላይ እቀንሳለሁ። በወሩ መጨረሻ 6,000 ይቀራል። ለመንግሥት የምናስገባው እሱን ነው። የማሳወቂያው ቀን ሲመጣ ስሌት የለም፤ ቁጥሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ቫት ሲፈጠርም ሐሳቡ ይኸው ነበር። ሞሪስ ሎሬ የተባለ የፈረንሳይ የግብር ባለሥልጣን ያመነጨው፣ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ላይ ያዋለችው ታክስ ነው። በመጨረሻ የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው። በመንገዱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነጋዴ ግን የራሱን ድርሻ እየሰበሰበ ያስረክባል። እኛ ሰብሳቢዎች ነን። ይህንን በቃል አውቀው ነበር፤ በደንብ የገባኝ ግን ቁጥሩ ተለይቶ ሳየው ነው።

የደመወዙ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። አሜሪካኖች ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የሚቀነሰውን ግብር በግልጽ የአደራ ገንዘብ ነው የሚሉት። ኩባንያው አውቆ ካላስገባው፣ ኃላፊው በግሉ ያንኑ ያህል እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር ነኝ ማለት እዚያ ላይ አያድንም። ብዙ ሰው “ኃላፊነቱ የተወሰነ” የሚለውን ቃል ሲሰማ ሁሉም ነገር የተሸፈነ ይመስለዋል። ለእኔም ይመስለኝ ነበር። የተወሰነው የባለድርሻው መዋጮ ነው። ሰነድ ላይ የሚፈርም ሥራ አስኪያጅ የራሱ ግዴታዎች አሉበት።

ከወንድሜ ጋር የተነጋገርነውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ቀን መኪናው ተበላሸና መጣ።

“ከኩባንያው ትንሽ ልውሰድ፤ በወሩ መጨረሻ እመልሳለሁ” አለኝ።

“የምን ብለን እንመዝግበው?” አልኩት።

“ምን መመዝገብ ያስፈልጋል? የራሳችን አይደል እንዴ?”

አይደለም። ይህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ፍርድ ቤት ደርሶ ያለቀ ነው። አሮን ሰሎሞን የሚባል የለንደን ጫማ ሠሪ ሥራውን ራሱ ላቋቋመው ኩባንያ ሸጠ። አክሲዮኑ ከጥቂቱ በቀር የራሱ ነበር፤ ቀሪው የሚስቱና የልጆቹ። ኩባንያው ሲከስር ጉዳዩ እስከ እንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1897 የተወሰነው፣ ኩባንያው ከሰሎሞን የተለየ ራሱን የቻለ ሰው ነው ተብሎ ነው። ያ ፍርድ ለሰሎሞን ጠቅሞታል፤ የኩባንያውን ዕዳ በግሉ ከመክፈል አድኖታል። ግን የሚሠራው በሁለቱም በኩል ነው። የኩባንያው ዕዳ የእኔ ካልሆነ፣ የኩባንያው ገንዘብም የእኔ አይደለም።

ወንድሜን አልከለከልኩትም። ሦስታችንም ተስማምተን በቃለ ጉባኤ ጻፍነው፤ ፈረምንበት። ግኑካሽ ላይ በሀብት ሥር “ከባለድርሻ የሚሰበሰብ ብድር” ብዬ ከፈትኩለት። ስሙ እዚያ ላይ ተቀምጦ ሲያየው በሦስት ሳምንት መለሰ። ወጪ ብዬ ጽፌው ቢሆን ኖሮ ሁለት ጥፋት ነበር። አንደኛ ትርፋችን በውሸት ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ በብዙ አገር የግብር ሕግ ሳይመለስ የቆየ የባለድርሻ ብድር እንደ ትርፍ ድርሻ ወይም እንደ ጥቅማ ጥቅም ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል።

የደረሰኝ ክፍሉን በጣም ወድጄዋለሁ። ደንበኛ ትመዘግባለህ፣ የታክስ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ ትሞላለህ፣ ከዚያ በኋላ ደረሰኝ ባወጣህ ቁጥር ታክሱን ራሱ አስልቶ ወደ አደራ ይልከዋል። የመክፈያ ቀን ታስገባለህ። ማን እንዳልከፈለ፣ ስንት ቀን እንዳለፈው የሚያሳይ ሪፖርት አለው። ይህ ሪፖርት ለምን ዋና እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብዙ ቦታ ቫት የሚጠየቀው ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ነው፤ ደንበኛው ከፈለም አልከፈለም። እኛ ለሦስት ወር ያልከፈለን ደንበኛ ነበረን። የሱን ቫት ግን ከኪሳችን አስቀድመን አስገብተናል። ከዚያ ወዲህ በዱቤ ስሸጥ ቢያንስ ታክሱን የሚሸፍን ቅድሚያ ክፍያ እጠይቃለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከግኑካሽ የሚታተመው ደረሰኝ በየትኛውም ቦታ ሕጋዊ ደረሰኝ ነው ማለት አይደለም። የግብር መሥሪያ ቤቱ ያጸደቀው ደረሰኝ ወይም መሣሪያ ግዴታ በሆነበት አገር፣ የግኑካሹ ለውስጥ መዝገብ ብቻ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ይህንን አጣሩ።

ባንክ ማስታረቁ ጥሩ ነው። የባንኩን ስቴትመንት ፊት ለፊት አድርጌ አንድ በአንድ ምልክት እያደረግሁ እሄዳለሁ። የመጨረሻው ልዩነት ዜሮ ሲሆን ወሩ ተዘጋ ማለት ነው። ከባንክ የሚወርደውን ፋይልም ይቀበላል፤ እኔ ግን በእጄ ማስገባቱን መርጫለሁ። ሳስገባ እያየሁት ነው። አንድ ጊዜ ሁለቴ የተቆረጠ የአገልግሎት ክፍያ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ድክመቱ።

ደመወዝ የሚያሰላ ክፍል የለውም። ግብሩን፣ መዋጮውን፣ የተጣራውን ክፍያ ውጭ አስልተህ ውጤቱን ብቻ ነው የምታስገባው። እኔ በኤክሴል እሠራለሁ። ለዘጠኝ ሠራተኛ ይቻላል፤ አሁን ዘጠኝ ደርሰናል። ለሃምሳ ሰው ግን አልመክርም። የዕቃ ክምችትም አይቆጥርም፤ ስንት ጣውላ መጋዘን እንዳለ በሌላ መዝገብ ነው የምይዘው። የማሽን እርጅና ቅናሽም ራሱ አያሰላም፤ በእጅ ነው።

ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ መሥራት አይችልም። አንዱ ፋይሉን ከከፈተ፣ ሌላው ሊከፍት ሲል ተይዟል የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መክፈት ይቻላል፤ ግን አታድርጉት፤ የአንዳችሁ ሥራ ይጠፋል። እኛ ቤት መዝገቡን የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ሪፖርት ታትሞ ይሰጠዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ይኼ ነው፦ የተጻፈን ነገር ማረም በጣም ቀላል ነው። ያለፈ ዓመት ግብይት ከፍተህ ቁጥሩን መቀየር ትችላለህ። ለጀማሪ ይመቻል፤ ለኦዲተር አይመችም። መፍትሔው ቅንብሩ ውስጥ አለ። ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ አንተ የወሰንከው የቀን ብዛት ያለፋቸው ግብይቶች እንዳይነኩ መቆለፍ ይቻላል። እኔ ወሩን ካሳወቅሁ በኋላ እንዲቆለፍ አድርጌዋለሁ። ስህተት ካገኘሁ አሮጌውን አልሰርዝም፤ ዛሬ ባለው ቀን የማስተካከያ ግብይት እጽፋለሁ፤ ምክንያቱንም እዚያው አስቀምጣለሁ። እንዲህ እንዳደርግ የነገሩኝ ኦዲተራችን ናቸው። “ልጄ፣ ስህተት አያስቀጣም፤ የተደበቀ ስህተት ነው የሚያስቀጣው” አሉኝ። መዝገባችንን ሲያዩ ከሦስት ቀን ይልቅ በአንድ ቀን ተኩል ጨረሱ።

ከእያንዳንዱ ግብይት ጋር ሰነድ ማያያዝ ይቻላል። ደረሰኙን በስልኬ አነሳለሁ፣ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ከግብይቱ ጋር አገናኛለሁ። ልብ በሉ፤ ፕሮግራሙ የሚይዘው የፋይሉን አድራሻ እንጂ ፋይሉን አይደለም። ፎልደሩን ካዛወራችሁ ግንኙነቱ ይቋረጣል። መጠባበቂያ ቅጂ ስትይዙም መዝገቡንም ፎልደሩንም ያዙ። እኔ በየዓርቡ ሁለት ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ፤ አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ቤት ይቀመጣል።

ፕሮግራሙ ስለ ሕግ ምንም አያውቅም። ይህንን የምለው ለማማረር አይደለም፤ ሰው እንዳይታለል ነው። ማሳወቂያ አያስገባልህም። ንግድ ፈቃድህ መቼ እንደሚታደስ አያውቅም። አድራሻ ወይም ሥራ አስኪያጅ ስትቀይር መዝጋቢው መሥሪያ ቤት መታወቅ እንዳለበት አይነግርህም። ቃለ ጉባኤ፣ የአክሲዮን መዝገብ፣ የሥራ ውል፣ የኢንሹራንስ ውል፤ እነዚህ ሁሉ ከሱ ውጭ ናቸው። እኔ አንድ ወፍራም ክላሰር አለኝ። መመሥረቻ ጽሑፉ ከፊት ነው፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤዎቹ በቀን ቅደም ተከተል፤ ከዚያ ፈቃዶቹ። ትርፍ ስንከፋፈል መጀመሪያ ክላሰሩ ውስጥ የተፈረመ ውሳኔ መኖሩን አያለሁ፤ ከዚያ ነው ግኑካሽ ላይ የምጽፈው። ባንክ ገንዘብ አለ ማለት የሚከፋፈል ትርፍ አለ ማለት አይደለም።

የማሳወቂያ ቀኖችን ለማስታወስ ግን ፕሮግራሙን አንድ ነገር አስተምሬዋለሁ። በየወሩ የሚደጋገም ግብይት ቀድሞ መመዝገብ ይቻላል፤ ከቀኑ አስቀድሞ እንዲያስታውስም ታዝዘዋለህ። ቫት፣ የሥራ ግብር፣ ጡረታ፣ ሁሉንም አስገባሁ፤ ከስምንት ቀን በፊት ይነግረኛል። የሚናገረው ፕሮግራሙ ሲከፈት ብቻ ስለሆነ፣ ታምሜ አንድ ሳምንት ሳልከፍተው ብቀር ዝም ይላል። ስለዚህ ቀኖቹን ግድግዳ ላይም ለጥፌአለሁ። አንድ ወር ለእድሳት ዘግተን ምንም ሳንሸጥ ቀረን። ያልተሸጠበት ወርም ይታወቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ኦዲተራችን ናቸው የነገሩኝ፤ ብዙ ቦታ ዜሮም ቢሆን ማሳወቅ ግዴታ ነው። እንኳን ቀኑ ሳያልፍ ነገሩኝ።

ለማን ይሆናል? ግብይቱ በቀን ከሃያ ለማይበልጥ፣ አንድ ሰው መዝገቡን ለመያዝ ለሚችል፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ባለሙያ ለሚያይለት ኩባንያ ከልቤ እመክራለሁ። ባለሙያውን የሚተካ ግን አይደለም። እኛ ለባለሙያ የምንከፍለው አልቀረም፤ የምንከፍልለት ነገር ነው የተቀየረ። ድሮ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ሰጥተናቸው እንዲለቅሙልን ነበር የምንከፍለው። አሁን የምንከፍለው ለምክር ነው።

ስለ ባንኩም አንድ ነገር። መዝገብ ላይ መለየቱ ብቻ ለእኔ አልበቃኝም። ሁለተኛ የባንክ ሂሳብ ከፈትን። ዓርብ ከሰዓት “አደራ” የሚለው ላይ ያለውን ድምር አያለሁ፤ ሁለተኛው ሂሳብ ያንኑ ያህል እስኪኖረው የጎደለውን አዛውራለሁ። ወንድሜ አሁን እንጨት ለመግዛት ሲፈልግ “ባንክ ስንት አለ?” አይለኝም። “አደራው ወጥቷል?” ነው የሚለኝ። ከዚያ በኋላ ለቫትም ሆነ ለሥራ ግብር አንድም ቀን አልዘገየንም።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ በበጀት ዓመታችሁ የመጀመሪያ ቀን ጀምሩ። ከዚያ በፊት ባለው ምሽት የባንኩን ቀሪ፣ የምትሰበስቡትን፣ የምትከፍሉትንና ያልገባውን ታክስ ወረቀት ላይ ጻፉ። የመክፈቻ ሚዛናችሁ እሱ ነው። እኔ ዓመቱ መሀል ላይ ጀምሬ ያለፉትን አምስት ወራት መልሼ ስጽፍ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። እናንተ ግን በአንድ ምሽት ትጨርሱታላችሁ።